ወፍጮ ቤት ለምትሠሩ፦ ሳንባን ከአቧራ የመጠበቂያ አሠራር

«ወፍጮ ቤት ነው የምሠራው፤ ሳሉ አልለቅ አለኝ። የትኛውን ማስክ ልግዛ?» ከቡሬም ይምጣ ከሞጣ፣ ከመራዊም ይሁን ከደምበጫ፣ ጥያቄው ይኸው ነው። ማስክ ያስፈልጋል፤ ግን ከዚህ በታች ካሉት ደረጃዎች 8ኛው ላይ ነው የሚመጣው። አቧራው ከዱቄት መውረጃው እንደ ልቡ እየወጣ ማስክ ብቻ ማጥለቅ፣ ጣሪያው እያፈሰሰ ከሥሩ ባልዲ እየቀያየሩ እንደመኖር ነው።

ወፍጮ ቤት ውስጥ ሦስት ዓይነት አቧራ አለ። የመጀመሪያው የእህሉ ዱቄት ነው፤ አስም ያመጣል፣ ለዓመታት ከተሳበ ደግሞ የመተንፈሻ ቱቦን ያጠብባል። ሁለተኛው ወፍጮው ሲወቀር የሚነሣው የድንጋይ ብናኝ ነው። ድንጋዩ ውስጥ ሲሊካ የሚባል ማዕድን ካለ ሳንባን ጠባሳ አውጥቶ የሚያደነድን፣ ፈውስ የሌለው ሲሊኮሲስ የሚባል በሽታ ያመጣል። ሦስተኛው እርጥብ ሆኖ ከተከማቸ በቆሎ፣ ብቅልና ጌሾ የሚመጣ ሻጋታ ነው። ቅንድባችሁን የሚያነጣው አቧራ ሻካራው ነው፤ አብዛኛው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ሳንባ ሥር የሚደርሰው ከ5 ማይክሮን በታች ያለው ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ስለሚጠጋ ይህን ብናኝ ለብቻው በዓይን ማየት አይቻልም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ጥቅጥቅ ያለ አቡጀዴ፣ 3 ሜትር (ለሁለት እጅጌ)
- ከአሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ የተቆረጠ ማሰሪያ፣ 4
- የላሜራ ቁራጭና 2 ማጠፊያ
- ብርሃኑ ጠንካራ የሆነ የእጅ ባትሪ፣ ጠመኔ፣ የካርቶን ቁራጭ
- 2 ሊትር የሚይዝ በእጅ የሚረጭ ዕቃ
- 2 ባልዲ፣ 4 አሮጌ ፎጣ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ የዱቄት ማፈሻ
- ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራ ማስክ (ኤን95 ወይም ኤፍኤፍፒ2) ለእያንዳንዱ ሠራተኛ፤ ለውቀራ የበለጠ የሚያጣራው ኤፍኤፍፒ3 ወይም ፒ100
- ጎንና ጎኑ የተዘጋ የዓይን መከላከያ መነጽር
- ደብተርና እስክሪብቶ

1. አቧራው የሚወጣበትን ቦታ በባትሪ ፈልጉ

ሲመሽ፣ መብራት አጥፍታችሁ፣ ጤፍ እየተፈጨ ይህን አድርጉ። አንድ ሰው ባትሪውን ይዞ ከማሽኑ ማዶ ይቁም። እናንተ ከወዲህ ሆናችሁ፣ ብርሃኑ በማሽኑ ላይ አልፎ ወደ እናንተ ይምጣ። አምፖሉ ዓይናችሁን እንዳይወጋ በካርቶኑ ከልሉት። ንጹሕ መስሎ የነበረው አየር እንደ ጢስ ሲንተከተክ ታያላችሁ። በበር ስንጥቅ የገባ የጠዋት ፀሐይ ትቢያን የሚያሳየው በዚሁ መንገድ ነው።

ብዙውን ጊዜ ሦስት ቦታ ጎልቶ ይወጣል፦ ዱቄቱ ጆንያ ውስጥ የሚወድቅበት፣ የድንጋዩ ክዳን ዙሪያ፣ ባዶ ጆንያ የሚራገፍበት። በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ሳታዩ ከጀመራችሁ ገንዘቡን አቧራ በማይወጣበት ቦታ ላይ ታፈሳላችሁ።

*ማስጠንቀቂያ፦* ቺንጋው እየዞረ ስለሆነ ነጠላ፣ ጋቢ ወይም የተንዘረፈፈ እጅጌ ለብሳችሁ አትጠጉ። ጨለማ ውስጥ ደግሞ ይብሳል።

2. ለዱቄት መውረጃው የጨርቅ እጅጌ ስፉ

ከሁሉም ደረጃ ብዙ አቧራ የሚያስቀረው ይህ ነው፤ ወጪውም ትንሽ ነው። ዱቄት በአየር ላይ ሲወድቅ አየር እየጎተተ ይወርዳል። ጆንያው ውስጥ ሲያርፍ ያ አየር መሄጃ ፈልጎ ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ደቃቁንም ይዞት ይነሣል። አቡጀዴ አየሩን አሳልፎ ዱቄቱን ያስቀራል።

ሀ. የመውረጃውን ዙሪያ በሲባጎ ለኩ። 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጨርቁን 66 አድርጋችሁ ቁረጡ፤ 6ቱ ለስፌት ነው።

ለ. ርዝመቱ ከመውረጃው አፍ እስከ ጆንያው አፍ ያለው ርቀት ሲደመር 30 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ትርፉ ጆንያው ውስጥ ይገባል።

ሐ. ጠርዙን ሁለት ጊዜ አጥፋችሁ ድርብ ስፉት። ነጠላ ስፌት በመርፌ ቀዳዳው በኩል ያፈሳል።

መ. በአንድ ጎኑ፣ ከጆንያው አፍ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ 12 ሴንቲ ሜትር ቅዳድ ተዉና ክዳን ጨርቅና ቁልፍ አድርጉለት። ይህን የሚንቅ ሰው እጅጌው በሁለተኛው ቀን ተፈትቶ ያገኘዋል። ምክንያቱም ማንም አስፈጪ ዱቄቱን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል አሽቶ ልመቱን ሳያይ አይከፍልም። እጅ የሚገባበት ቀዳዳ ከሌለ እጅጌውን ገልጦ፣ አንገቱን አስግጎ ነው የሚያየው።

ሠ. የላይኛውን ጫፍ መውረጃው ላይ በከመነዳሪ አጥብቃችሁ እሰሩ። የታችኛውን ጫፍ ጆንያው ውስጥ ክተቱና የጆንያውን አፍ ሰብስባችሁ በሁለተኛው ማሰሪያ እሰሩት። ጆንያው ከሞላ በኋላ ማሽኑን አቁማችሁ እስከ 20 ቆጥራችሁ ፍቱ። ወዲያው ከፈታችሁት ተጠራቅሞ የነበረው ሁሉ ፊታችሁ ላይ ይወጣል።

የድንጋይ ሳይሆን በሚሽከረከር ብረት የሚፈጭ የመዶሻ ወፍጮ ከሆነ ማሽኑ ራሱ አየር ስለሚነፋ ይህ መጠን አይበቃውም። እጅጌው እንደ ፊኛ ከተነፋና በስፌቱ በኩል ከተነፈሰ የጨርቁን ስፋት እጥፍ አድርጉት። በምንም ዓይነት ማዳበሪያ ከረጢት አትስፉ፤ አየር ስለማያሳልፍ ወይ ይፈነቀላል ወይ በማሰሪያው በኩል ይተፋል።

ሁለት እጅጌ የሚሰፋው አንዱ ሲታጠብ ሌላው እንዲሠራ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ እጠቡ፤ ፀሐይ ላይ አጥንቱ ድረስ ሳይደርቅ መልሳችሁ አትሰሩት። እርጥብ ጨርቅ ላይ ዱቄት ሊጥ ይሆናል፤ ከሊጡም ሻጋታ ይወጣል።

3. እህል የሚፈስበትን ሣጥን ክደኑ

ላሜራውን በማጠፊያ ገጥማችሁ፣ እህሉ ከገባ በኋላ የሚዘጋ ክዳን አድርጉ። ጆንያውን ከትከሻ ላይ ሆኖ መገልበጥ ቀርቶ የሣጥኑ ጠርዝ ላይ አሳርፎ ቀስ ብሎ ማፍሰስ ይሁን። የመውደቂያው ከፍታ ባነሰ ቁጥር አቧራው ያንሳል።

እህሉ ተነፍቶ፣ ተበጥሮ ይምጣ። መሬት አውድማ ላይ የተወቃ ጤፍ አፈር ይዞ ነው የሚመጣው፤ አፈር ደግሞ ሲሊካ አለበት። ደንበኛው ካላበጠረው በሩ ላይ ሳይሆን ከቤቱ ነፋስ መውረጃ በኩል፣ ራቅ ብሎ እንዲያበጥር ቦታ ስጡት።

4. አየሩ ከሰው ወደ ማሽን፣ ከማሽን ወደ ውጭ ይሂድ

ቀጭን የላስቲክ ቁራጭ በክር አንጠልጥላችሁ ሠራተኛው የሚቆምበት ቦታ ያዙት። ላስቲኩ ከማሽኑ ወደ ሠራተኛው የሚያዘነብል ከሆነ ሰውየው ቀኑን ሙሉ የማሽኑን አቧራ እየሳበ ነው። በሩንና መስኮቱን አቀያይራችሁ ክፈቱ፤ ወይም መቆሚያውን ቀይሩ። ለዚህ ሙከራ ዕጣን አታጪሱ፤ አየር ላይ ያለ ዱቄት እሳት ሲያገኝ ይፈነዳል።

ቬንትሌተር የምትገዙ ከሆነ ወደ ውጭ የሚስብ እንጂ ወደ ውስጥ የሚነፋ አይሁን። የሚነፋው ላብ ያደርቃል፤ ዱቄቱንም ቤቱ ውስጥ ያዳርሰዋል። የሚስብ ቱቦ የምታስገጥሙ ከሆነ አፉ አቧራው ወደሚወጣበት ቦታ እጅግ ይቅረብ፦ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ፣ ከአፉ 15 ሴንቲ ሜትር ስትርቁ የመሳብ ፍጥነቱ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ጣሪያ ሥር የተሰቀለ ቬንትሌተር ወለሉ ላይ ያለውን ጆንያ አይረዳም የምንለው ለዚህ ነው።

በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ ከሆነ የጢስ ማውጫው ከጣሪያ በላይ ይውጣ። የናፍጣ ጢስ ራሱን የቻለ የሳንባ ጠላት ነው፤ ከዱቄት ጋር ሲደመር ደግሞ ምን ሊባል።

5. ሳትጠርጉ አጽዱ

የወደቀ አቧራ ሞተ ማለት አይደለም፤ በመጥረጊያ ስትነኩት ይነሣል፣ ደቃቁም ክፍል አየር ላይ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ማታ ወፍጮው ከቆመ በኋላ፦ የማሽኑን ኤሌክትሪክ ከዋናው ማብሪያ አጥፉ፤ ከማገርና ከመስኮት ደፍ ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ፤ በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ፎጣ ወልውሉ፤ ወለል ላይ የተከመረውን በማፈሻ ቀስ ብላችሁ አንሡ፤ የቀረውን በእርጥብ ፎጣ ጨርሱ። ውሃ አትድፉ፤ ሊጥ ይሆንና በማግስቱ ይሸታል። ለጎማ የሚያገለግል የአየር መንፊያ ማሽን ላይም ሆነ ልብስ ላይ አትጠቀሙ።

*ማስጠንቀቂያ፦* አየር ላይ የተበተነ ዱቄት እሳት ሲያገኝ ይፈነዳል። ኩራዝ፣ ሻማ፣ ሲጋራ፣ ከሰል፣ ብየዳ፣ ማንኛውም እሳት ወፍጮ ቤት አይግባ። ብየዳ የግድ ከሆነ ማሽኑ ቆሞ፣ ቤቱ ጸድቶ፣ አቧራው አርፎ ይሁን።

6. ድንጋዩን በውሃ፣ ሜዳ ላይ ውቀሩ

ወፍጮው ሲዶለዱም ድንጋዩ ይወቀራል። ይህ ሥራ በየቀኑ ስላልሆነ ብዙ ሰው ቸል ይለዋል፤ ግን በአንድ ከሰዓት የሚሳበው የድንጋይ ብናኝ ከዱቄቱ የከፋ ነው። ጥቁር ድንጋይ በአብዛኛው ሲሊካው አነስተኛ ነው፤ ነጣ ያለውና የአሸዋ ድንጋዩ ብዙ አለበት፤ የተሠራው ድንጋይ ደግሞ ውስጡ ምን እንደተቀላቀለበት አይታይም። በዓይን ለይታችሁ ስለማትጨርሱት ሁሉንም እንደ አደገኛ ቁጠሩት።

ሀ. ኤሌክትሪኩን ከዋናው አጥፉ፣ ቺንጋውን አውልቁ፤ ማብሪያው ላይ «ሰው አለ» የሚል ወረቀት አንጠልጥሉ።

ለ. ድንጋዩን ለሁለት ለሦስት ሆናችሁ አውጥታችሁ ሜዳ ላይ አስቀምጡ። ነፋሱ ከጀርባችሁ ይምጣ፤ ነፋስ መውረጃው በኩል ሕፃንም ሆነ ደንበኛ አይቀመጥ።

ሐ. መዶሻው ከማረፉ በፊት ፊቱን በሙሉ በመርጫው አርጥቡ። እርጥብ ድንጋይ ጥቁር ሆኖ ይታያል። መንጣት ሲጀምር ደርቋል ማለት ነውና አቁማችሁ እንደገና እርጩ። አንዱ ሲወቅር ሌላው ቢረጭ ሥራው አይቆራረጥም።

መ. ኤፍኤፍፒ3 ወይም ፒ100 ማስክና መነጽር አድርጉ። ውሃ አቧራውን ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያጠፋም።

ሠ. የወጣውን ጭቃ ሳይደርቅ ሰብስባችሁ ቅበሩ። ከደረቀ ነገ ነፋስ ያነሣዋል፤ የዛሬው ድካምም ከንቱ ይሆናል።

ረ. ድንጋዩን አጥባችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ መልሱ። መጀመሪያ 2 ወይም 3 ኪሎ ርካሽ እህል ፈጭታችሁ ጣሉ፤ ጠጠር ስላለበት ለከብትም አይሰጥ።

በኤሌክትሪክ መሞረጃ ደረቁን መውቀር ፈጣን ነው፤ ብናኙም ከሁሉ የደቀቀው እሱ ነው። ውሃ እንዳታደርጉ ደግሞ ኤሌክትሪኩ ይይዛችኋል። በእጅ መውቀሪያ ሥሩ።

7. በርበሬ፣ ብቅልና ጌሾ

በርበሬ የሚፈጭበትን ሰዓት ለዩ፤ ቢቻል ከቀኑ መጨረሻ ላይ። ማስክና መነጽር ሳያደርግ ማንም አይቅረብ፤ ልጅ ያዘለች እናት ውጭ ትጠብቅ። አስም ያለበት ሠራተኛ በዚያ ሰዓት ሌላ ሥራ ይያዝ።

የሻገተ በቆሎ፣ ብቅል ወይም ጌሾ ከመጣ አትቀበሉ። ሻጋታውን የሳበ ሰው ከ4 እስከ 8 ሰዓት ቆይቶ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና የትንፋሽ ማጠር ሊይዘው ይችላል። ጠዋት ፈጭቶ ማታ ስለሚያንቀጠቅጠው ወባ ወይም ጉንፋን ነው ብሎ ያልፈዋል። እየተደጋገመ ከሄደ ሳንባው ጠባሳ ያወጣል።

8. አሁን ማስኩ

ኤን95 ወይም ኤፍኤፍፒ2 የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ከራስ ጀርባ የሚታሰሩ ሁለት ላስቲኮች ያሉት ይሁን። አንዱን ላስቲክ ከጆሮ በላይ፣ ሌላውን ከጆሮ በታች ማጅራት ላይ አድርጉ። የአፍንጫውን ሽቦ በሁለት እጅ ጣቶች ከመሃል ወደ ጎን ተጭናችሁ አስተካክሉ። ከዚያ ማስኩን በሁለት መዳፍ ሸፍናችሁ በኃይል ተንፍሱ፤ በዓይን ወይም በጉንጭ በኩል አየር ከወጣ አልገጠመም፤ እንደገና አስተካክሉት።

ጢም ካለ አይገጥምም። ካህን ወይም መነኩሴ ለሆነና ጢሙን ለማይላጭ ሰው የሚሻለው ከአቧራው የራቀ ሥራ፣ ለምሳሌ ሚዛንና ሒሳብ መያዝ ነው።

ማስክ አይታጠብም። ሲረጥብ፣ ሲቀደድ ወይም መተንፈስ ሲከብድ ይጣላል። በእረፍት ሰዓት ሚስማር ላይ አትስቀሉት፤ ውስጡ ዱቄት ይጠራቀምበታል። ወረቀት ከረጢት ውስጥ ክተቱት። ተቀጣሪ ከሆናችሁ የመከላከያ ዕቃ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 92 ላይ አለ።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስሕተቶች

*ነጠላ ወይም ፎጣ አፍ ላይ መጠምጠም።* ሻካራውን ይይዛል፤ ሳንባ ሥር የሚደርሰውን ያሳልፋል። የሐኪም ቤቱ ሰማያዊ ማስክም በጎንና በጎኑ ክፍት ስለሆነ ከዚህ ብዙም አይሻልም።

*ወተት መጠጣት።* «አቧራውን ያጥባል» ይባላል። ወተት የሚሄደው ሆድ ውስጥ፣ አቧራው ያለው ሳንባ ውስጥ ነው፤ አይገናኙም። ከወደዳችሁት ለምግብነቱ ጠጡት። ፌጦና አረቄም አቧራውን አያጥቡም።

*ልብስን ቤት ወስዶ ማራገፍ።* የሥራ ልብስ እዚያው ይቀየር፤ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይታጠብ። አለበለዚያ አቧራው ለልጆች ይተርፋል።

*«ብርድ ነው የመታኝ» ማለት።* ይህ ከሁሉም በላይ ሰውን ከሐኪም ቤት ያዘገያል።

9. ትንፋሻችሁን በደብተር ያዙ፣ ሐኪም ቤት ይዛችሁ ሂዱ

በየቀኑ አንድ መስመር ይበቃል፦ ቀኑ፣ ምን እንደተፈጨ፣ ሳል አለ ወይስ የለም፣ ደረት ሲር ሲር ይላል ወይ፣ ሌሊት ያስነሣል ወይ። እሑድንና ወፍጮ የሚዘጋበትን በዓል ሁሉ ምልክት አድርጉ። በሥራ ቀን የሚብስ፣ ከጥምቀት ከተራ እስከ ቃና ዘገሊላ ባለው እረፍት ደግሞ የሚቀል ሳል የሥራ ቦታ አስም መሆኑን ያመለክታል። ጊዜው ከሄደ ግን በበዓልም አይቀልም። የጠበበው ቱቦ እንደ ድሮው አይመለስም፤ መድኃኒቱ የሚያስታግስ ብቻ ይሆናል። ቶሎ መሄድ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ሐኪሙ ትንፋሽ መለኪያ መሣሪያ ከሰጣችሁ በቀን ቢያንስ 4 ጊዜ፣ ለ4 ሳምንት፣ በሥራም በእረፍትም ቀን ንፉ። በእያንዳንዱ ልኬት ሦስት ጊዜ ነፍታችሁ ትልቁን ቁጥር ጻፉ። በሥራ ቀን ብቻ የሚወርድ ቁጥር ከብዙ ወሬ ይበልጣል።

ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ እንጅባራ፣ ወይም ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች ስትሄዱ «ሳል አለብኝ» ብቻ አትበሉ። ስንት ዓመት ወፍጮ ቤት እንደሠራችሁ፣ ድንጋይ ትወቅሩ እንደሆነ፣ ሲጋራና የቤት ጢስ መኖሩን ተናገሩ። ካልነገራችሁት የሚጠይቃችሁ ላይኖር ይችላል። ሳሉ 2 ሳምንት ከሞላው አክታ ይመርመር፤ በተለይ ድንጋይ ለሚወቅር ሰው፣ ሲሊካ ሳንባን ለቲቢ ያጋልጣልና። የቲቢ ምርመራውም ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው።

የሚነፋ መድኃኒት ከታዘዘላችሁና በመድኃኒቱና በአፍ መካከል የሚገባው ማቀባበያ (ስፔሰር) ከሌለ፣ የግማሽ ሊትር ውሃ ፕላስቲክ ይበቃል። ታቹን በመድኃኒቱ አፍ ልክ ቅደዱ፤ በሳሙና ውሃ እጠቡና ሳትወለውሉ ራሱ ይድረቅ፤ በጨርቅ ከተወለወለ መድኃኒቱ ፕላስቲኩ ላይ ይጣበቃል። መድኃኒቱን ናጡት፣ በቀዳዳው ሰክታችሁ የፕላስቲኩን አፍ በከንፈር ግጠሙ፣ አንድ ጊዜ ተጫኑና 5 ጊዜ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ሁለተኛውን ከአንድ ደቂቃ በኋላ። ይህን አድርጋችሁም አንድ ዓረፍተ ነገር ሳታቋርጡ መናገር ካቃታችሁ ወይም ከንፈራችሁ ከጠቆረ ሳትቆዩ ወደ ቅርቡ ጤና ተቋም ሂዱ፤ መንገድ ላይም መድኃኒቱን መንፋት አታቁሙ።